ለስላሳ ሾክ ፍለጋ ተጀምሮ ጠንከር ያለ ሞላ ላይ ያለቀ ነገር፦ የአንድ ክሩዘር ሞተር የጉዳይ ጥናት ከባህር ዳር

ለምን ተጻፈ

ባህር ዳር ላይ ሾክ (የመንገዱን ምት የሚቀበለው ባለ ሞላና ባለ ዘይት ዕቃ) የሚቀይር ሰው ባብዛኛው ቦክሰር ወይ ቲቪኤስ የሚባሉት ትናንሽ ሞተሮች ያሉት ነው። ሱቅ ገብቶ የሞተሩን ስም ይናገራል፣ ዕቃው ይወጣለታል፣ መካኒኩ እዛው መንገድ ዳር ይገጥምለታል፣ አለቀ። ክሩዘር ላይ፣ ማለትም ዝቅ ብሎ እግር ወደፊት ተዘርግቶ የሚነዳው ከባድ ሞተር ላይ፣ ግን ነገሩ እንዲህ አይሄድም፣ በስሙ የሚሸጥ ዕቃ የለም፣ ያለው "ይሄ ይገባልሃል" ተብሎ የሚሰጥህ ነገር ነው። ሾክ ደግሞ ቡሎኑ ላይ ስለገባ ብቻ ለሞተሩ ሆነ ማለት አደለም፣ ይሄ ጉዳይ በደንብ ያሳየን እሱን ነው።

የሆነው 2014 ዓ.ም ላይ ነው። ባለሞተሩ እንዲጻፍ ፈቅዷል፣ ስሜ እንዳይጠራ ብቻ ብሏል፣ እኔም የሱቆቹንም የመካኒኮቹንም ስም ትቼዋለሁ። እኔ የገባሁበት ጋራዡ የጓደኛዬ ስለሆነና ሜትሮ ይዤ መለካት ስለምወድ ነው።

ሞተሩና ሰዎቹ

ሞተሩ ሆንዳ ሻዶው 750 ነው፣ ከ2004 እ.ኤ.አ ጀምሮ የወጣው ባለ ሻፍቱ፣ ማለትም የኋላ ጎማው በሰንሰለት ሳይሆን በሚሽከረከር ዘንግ የሚነዳው። 745 ሲሲ፣ ቪ ቅርፅ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ነዳጅና ዘይቱ ተሞልቶ 250 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ኮርቻው ከመሬት 66 ሴንቲ ብቻ ስለሆነ አጭር ሰውም ሁለት እግሩን ዘርግቶ ይቆምበታል። ከኋላ ግራና ቀኝ ሁለት ሾክ አለው፣ የኋላ ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀሰው በጠቅላላ 89 ሚሊ ነው፣ ይሄን ቁጥር ያዙት በኋላ ይመጣል። ማስተካከያው ሞላውን (ክብደቱን የሚሸከመውን ጥምዝ ብረት) የሚያጠብቅ ባለ 5 ደረጃ ቀለበት ብቻ ነው፣ ሌላ የሚዞር ነገር የለውም።

ሞተሩ መጀመሪያ አዲስ አበባ ነበር። በ2011 ዓ.ም ሰኔ መጨረሻ እዛ የሞተር እንቅስቃሴ ሲገደብ የድሮው ባለቤት ግቢ ውስጥ ሸራ አልብሶ አቆመው፣ ከዛ ሰለቸውና ሸጠው። የገዛው ሰውዬ ሽንብጥ አካባቢ የሚኖር ነጋዴ ነው፣ ከነ ሄልሜቱ 92 ኪሎ። ሚስቱ 64 ኪሎ ናት። በስራ ቀን ብቻውን ከተማ ውስጥ ይዞርበታል፣ ቅዳሜና እሁድ ሁለቱም ሆነው ወይ ጢስ ዓባይ ወይ ዘጌ፣ ለጥምቀት ደግሞ ጎንደር። በጎንና ጎን የቆዳ ሻንጣ አለው።

ችግሩ

ቅሬታው የጀመረው ከኋላ ተቀማጯ ነው። ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ጀርባዋን በመዶሻ እንደመቱት ይሰማታል፣ ኮብልስቶን ላይ ጥርሷ ይጋጫል፣ አንድ ቀን ከጢስ ዓባይ ኮረኮንች ሲመለሱ ወርዳ "አንተ ከፈለግክ በዚህ ሂድ፣ እኔ ከዚህ በኋላ ሚኒባስ አለልኝ" አለችው። እሱ ብቻውን ሲነዳ ያን ያህል አይሰማውም ነበር፣ ስለዚህ መጀመሪያ "ኮርቻዋ ነው" ብሎ አሰበ።

ሁለተኛው ምልክት ከበድ ያለ ነው። ሐሙሲትን አልፎ ወደ ወረታ ሲሄድ አስፋልቱ ወዝወዝ የሚልበት ቦታ ላይ ሞተሩ አንዴ ከወረደ በኋላ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ እንደገና ወደ ላይ እያለ ቶሎ አይረጋም፣ መታጠፊያ ላይ ሲሆን ደግሞ መሪው ሳይነካ አቅጣጫው ይንሸራተታል። ሦስተኛውን ያየነው እኛ ነን፣ የኋላ ፓራፋንጎውን (የጭቃ መከላከያውን) ከስር ስናይ ጎማው የላገበት ጥቁር መስመር አለ፣ ለኋላ መብራት የሚሄደው ሽቦ ልባሱ መፋቅ ጀምሯል። ትንሽ ቢቆይ ማታ ያለ ፍሬን መብራት መሄድ ይመጣ ነበር።

አንድ ነገር ስለ ክሩዘር ማወቅ ይጠቅማል። እግር ወደፊት ተዘርግቶ ስለሚቀመጥ ክብደትህ በሙሉ መቀመጫህ ላይ ነው፣ እንደ ቦክሰር ጉድጓድ ሲመጣ በፔዳል ብድግ ማለት አትችልም። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ኪሎው ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚያርፈው ኋላ ጎማ ላይ ነው። የኋላ ሾኩ አጭር፣ የሚሸከመው ብዙ፣ አካሄዱ ደግሞ "ምቾት" ተብሎ የተሸጠ። ለዚህ ነው ክሩዘር ላይ የሾክ ስህተት በጀርባ የሚከፈለው።

ከመግዛት በፊት የተሞከረው

መጀመሪያ ጎማ። ጎሚስታው "ሁለት ሰው ስለምትጭን" ብሎ ሞልቶ ሰጥቶት ነበር፣ በጌጅ ስንለካው ሞተሩ ላይ ያለው ተለጣፊ ከሚለው በጣም ይበልጣል። አስተነፈስነው። ኮብልስቶን ላይ የሚሰማው ንዝረት እዛው ቀነሰ፣ ምንም ብር አልወጣበትም። ትልቁ ምት ግን እንዳለ ነው።

ቀጥሎ ኮርቻ። ኮርቻ ሰሪ ጋር ተወስዶ የሚስትየው ቦታ ላይ ወፍራም ስፖንጅ ተጨመረ፣ ስፖንጁ ለስላሳ ስለነበር ሱቅ ውስጥ በእጅ ሲጫኑት ደስ ይላል፣ ሲቀመጡበት ግን ወዲያው ተጣብቆ ከስሩ ያለው ፕላስቲክ ይሰማል። በኋላ በጠንካራ ስፖንጅ ተቀየረ እሱ ይሻላል፣ ሆኖም ጎማው ፓራፋንጎ ሲመታ ምንም ስፖንጅ አያድንም።

ከዛ የሞላ ቀለበቱን ከ2ኛ ወደ 5ኛ ደረጃ። ይሄ ለሁለት ሰው ትንሽ ረዳ፣ ብቻውን ሲነዳ ግን አዲስ ችግር መጣ፣ ጉድጓድ ሲያልፍ ከኋላ "ጧ" የሚል ድምፅ። ሰው ብዙ ጊዜ ቀለበት ማጥበቅ ሞላውን የሚያጠነክር ይመስለዋል፣ አደለም፣ ሞላው ያው ሞላ ነው፣ የሚለወጠው ሞተሩ የሚቀመጥበት ከፍታ ነው። በጣም ካጠበቅከው ሾኩ ጫፉ ድረስ ተዘርግቶ ይቆማል፣ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ የሚወርድበት ቦታ ያጣል፣ ድምፁ እሱ ነው።

በዚህ መሃል ጓደኛው የሆነ ሌላ ባለሞተር መጥቶ "አጭር ሾክ አስገባ፣ ዝቅ ሲል ያምራል ይመቻልም" አለው። ማማሩን አልክድም። ምቾቱ ግን በተቃራኒው ነው፣ ከ89 ሚሊ ላይ ስትቀንስ የሚቀረው ምንድነው፣ ጎማው አሁን እንኳን ፓራፋንጎ እየመታ ነው። በዛ ላይ ሞተሩ ዝቅ ሲል የጎን ካቫሌቶው (መቆሚያው) ላይ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ነፋስ ወይ አንድ ሰው ትከሻውን ሲያሳርፍበት ወደ ሌላኛው ጎን ይወድቃል። 250 ኪሎ ደግሞ ከመሬት ማንሳት ቀልድ አደለም።

ልኬቱ

የምለካው ነገር ሳግ ይባላል፣ ማለትም ሞተሩ በራሱና በሰው ክብደት ከሙሉ ዝርጋታው ስንት ሚሊ እንደሚቀመጥ። የሚያስፈልገው ሜትሮ፣ ቴፕ፣ ክሪክና ሁለት የሚይዝ ሰው ብቻ ነው። ፓራፋንጎው ላይ ከኋላ አክስሉ ቀጥ ብሎ ቴፕ ለጥፎ ምልክት ማድረግ፣ ሞተሩን ከቴላዮው (ከዋናው የብረት አካሉ) ስር ጣውላ አድርጎ በክሪክ ማንሳትና ጎማው ሲንጠለጠል መለካት፣ ከዛ አውርዶ ብቻውን ሲቆም፣ ከዛ ነጂው ሲቀመጥበት፣ ከዛ ሁለቱም ከነ ሻንጣው። በየመሃሉ ኮርቻውን ጫን ጫን አድርጎ መልቀቅ ነው፣ ሾክ ውስጥ ያለው ፍትጊያ አንዱን ልኬት ካንዱ ስለሚያለያየው።

በ2ኛው ደረጃ የወጣው ቁጥር ይሄ ነው። ሞተሩ ብቻውን 24 ሚሊ ይቀመጣል፣ ነጂው ሲጨመር 45፣ ሚስትየው ስትጨመር 65። ቀለበቱ 5ኛ ላይ ሆኖ ሁለቱም ሲቀመጡ 54። ለመንገድ የሚመከረው ሰው ተቀምጦበት ከጠቅላላው ሲሶ አካባቢ ነው፣ ለኛ ወደ 30 ሚሊ ማለት ነው። እነሱ ከ89ኙ ውስጥ 65ቱን ገና ከቤት ሳይወጡ ጨርሰውታል፣ ለጉብታውም ለጉድጓዱም የቀረው 24 ሚሊ ነው። ባለሞተሩ ይሄን ሲያይ ዝም አለ፣ ምክንያቱም እስከዛ ድረስ "በጣም ለስላሳ ሾክ ፈልግልኝ" እያለ የነበረው ሰው ነው። የሚመታት ሾኩ ስለደረቀ ሳይሆን ስላለቀ ነው፣ ሞላው ለስላሳ ስለሆነ በቃ መጨረሻው ላይ ደርሶ ብረት ከብረት ይገናኛል።

ሁለተኛው ምርመራ የሾኩ ዘይት፣ መወዛወዙን የሚያቆመው እሱ ነው። ኮርቻውን ወደታች ተጭነህ ብትለቀው ጤነኛ ሾክ አንዴ ይወጣና ይረጋል፣ ይሄ ይወዛወዛል። ፈትተን ዘንጉን ስናየው የላዩ ልባስ ተበሳስቷል፣ ዙሪያው ዘይት የጠጣ አቧራ ተጋግሯል። ፓራኦሊዮው፣ ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ፣ አልቋል ማለት ነው። በእጅ ስንጭነው አንደኛው መጀመሪያው ላይ ምንም ሳይዝ ወርዶ ከዛ ነው የሚይዘው፣ ውስጡ ዘይት ጎድሎ አየር ገብቷል። በጋ ላይ ያለው አቧራ ክረምት ላይ ካለው ጭቃ ጋር ተባብሮ ዘንግ ይጨርሳል፣ ሳይታጠብ ሸራ ስር የቆመበት ጊዜም ሳይጨመርበት አልቀረም።

እዚህ ላይ ጋሼ የምንላቸው የድሮ መካኒክ "ሞላው ደክሟል፣ እሱን ብቻ ቀይሩ" ብለው ነበር። ሁለቱን ሞላ አውጥተን ጎን ለጎን አቆምናቸው፣ እኩል ናቸው፣ ያልተሰነጠቁ ያልተጣመሙ። ሞላ በዕድሜ የሚደክመው ጥቂት ነው፣ ቀድሞ የሚሞተው ዘይቱና ፓራኦሊዮው ነው። "እንግዲህ ጋሼ እርስዎ ይዩት" ስንላቸው ዘንጉን በጥፍራቸው ዳሰስ አድርገው "ኧረ ይሄስ አልቆለታል" አሉ። ስለዚህ ችግሩ ሁለት ነው፣ የሞተ ሾክ እና ለነዚህ ሰዎች ክብደት መጀመሪያውኑም የላላ ሞላ። አንዱን ብቻ ብናስተካክል ግማሹ ይቀር ነበር።

የመጨረሻው ልኬት የመግጠሚያው ነው። ከላይኛው ዓይን (ቡሎን የሚገባበት ቀዳዳ) መሃል እስከ ታችኛው ዓይን መሃል ያለው ርዝመት፣ የቡሎኖቹ ውፍረት በካሊበር፣ የቦኮላዎቹ (ዓይኑ ውስጥ የሚገቡት የብረት ቀለበቶች) ስፋት፣ በሻፍቱ በኩልና በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) በኩል ለሞላው የቀረው ክፍተት። የወጣውን ርዝመት እዚህ አልጽፈውም፣ ከጻፍኩት ሳይለካ የሚገዛበት ሰው አይጠፋም።

አማራጮቹ

ከተማ ውስጥ የሚገኘው የትናንሽ ሞተር ሾክ ነው፣ አንዳንዱ ርዝመቱ ይቀራረባል። ግን የተሰራው ከዚህ ሞተር ግማሽ ለሚመዝን ሞተር ነው፣ ይሄን አልተወያየንበትም። የባለ ሦስት እግር ባጃጅ ሾክ በቶርኖ አስተካክሎ ማስገባትም ተነስቶ ነበር፣ ጠንካራ ነው ይሸከማል በሚል፣ የዘይቱ አያያዝ ለሌላ ተሽከርካሪ ለሌላ ክብደት ስለሆነ ይሄንንም ተውነው።

አሮጌውን ማደስ፦ የዚህ ሞተር ሾክ ፋብሪካው እንዲከፈት ብሎ የሰራው አደለም። "ቆርጬ ዘይት ሞልቼ እበይደዋለሁ" የሚል ባለሙያ ነበረ። አንዳንድ ሾክ ውስጥ ናይትሮጅን በግፊት ታምቆ ነው ያለው፣ ዘይት ያለበትን የታሸገ ዕቃ መቁረጥና መበየድ ለሰውየውም ለአጠገቡ ላለውም አደጋ ነው፣ እዚህ ላይ ምንም ድርድር የለኝም።

ከውጭ ማስመጣት፦ የእንግሊዙ ሀጎን፣ የታይላንዱ ዋይኤስኤስ፣ የአሜሪካው ፕሮግሬሲቭ ሰስፔንሽን፣ የአውስትራሊያው አይከን ለእንደዚህ አይነት ባለ ሁለት ሾክ ሞተሮች ይሰራሉ። ጥቅማቸው የሞላ ምርጫ መኖሩ ነው፣ ጉዳታቸው ዋጋውና የሚያመጣልህ ሰው መፈለጉ።

የመጀመሪያው ግዢ

እኛ ገና ስንለካ ባለሞተሩ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ በሰው አስፈልጎ ከጎኑ የጋዝ ጋን ያለው፣ ሞላው ቀይ፣ ሲያዩት የውድድር ሞተር የሚመስል ጥንድ ገዛ። ማርካውን ልተወው። ዋጋው ርካሽ ነው፣ መልኩ ደግሞ በእውነት ያምራል።

ሲመጣ የዓይኑ ቀዳዳ ከቡሎናችን ሰፋ ስለሚል ቶርኖ ቤት ሄደን ቦኮላ አስቆረጥን። ርዝመቱ ከድሮው በ2 ሴንቲ ይረዝማል፣ ሞተሩ ከኋላ ብድግ ስላለ የጎን ካቫሌቶው ላይ ከልክ በላይ ተጋደመ፣ መሪውም ቀለል ብሎ ቶሎ ቶሎ መዞር ጀመረ፣ ከኋላ ከፍ ሲል የፊቱ ማዕዘን ቀጥ ስለሚል ነው። ጋኑ ከሻንጣው ጋር ስለተጋጨ "ገልብጠን እንግጠመው" ተባለ። ይሄን ዝም ብሎ ማድረግ አይቻልም፣ ዘይትና ጋዙ ሳይለያዩ አንድ ላይ ያሉበት ሾክ ተገልብጦ ሲገጠም ጋዙ ወደ ቫልቩ ይሄድና መያዙን ያጣል፣ ሰሪው ይቻላል ያለውን ብቻ ነው መገልበጥ የሚቻለው። ሻንጣውን በብረት ወደ ውጭ አወጣነው።

ሳግ ስንለካ ባለሞተሩ ብቻውን ሲቀመጥ 9 ሚሊ። ከ45 ወደ 9። አስፋልት ላይ መወዛወዙ ስለጠፋ ደስ አለው፣ ጎማውም ፓራፋንጎ አይነካም። ኮብልስቶን ላይ ግን እያንዳንዱ ድንጋይ በቀጥታ ወደ ወገብ ይመጣል፣ ሾኩ ሥራውን ሳይጀምር ድንጋዩ አልፏል። ሾኩ ላይ ያለው የሚዞር ማስተካከያ 1፣ 2፣ 3 እያለ ቁጥር ተጽፎበታል፣ ከዳር እስከ ዳር አዙረን ምንም ልዩነት አላገኘንም። ሚስትየው ዓባይ ማዶ ሳይደርሱ አስቁማ ወረደች። ይሄ ጥንድ አሁን ጋራዡ ጥግ ነው ያለው፣ መሸጥ ይቻል ነበር ግን ለማን ተብሎ።

ሁለተኛው ግዢ

ቀጥሎ ውጭ ያለ ዘመድ ተገኘ። ከላይ ስማቸውን ከጠራኋቸው የአንዱ ነው የታዘዘው፣ ማስታወቂያ እንዳይመስል የትኛው እንደሆነ እዘለዋለሁ። ሻጩ የሚጠይቀው የሞተሩን ሞዴልና ዓመት፣ የነጂውን ኪሎ፣ የተሳፋሪውን ኪሎ፣ የሻንጣ ጭነት፣ ባብዛኛው ብቻህን ነው ወይስ ሁለት ሆናችሁ የሚል ነው። ኪሎውን በግምት አልሰጠንም፣ ሁለቱም ሄልሜትና ጃኬታቸውን አድርገው ግሽ ዓባይ አካባቢ መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግተው ከሚቀመጡት ልጆች ጋር ተመዘኑ፣ ልጁ በሄልሜት የተመዘነ ሰው አይቶ ስለማያውቅ ሳቀ። ባለሞተሩ ከራሱ ግምት በብዙ ኪሎ ይበልጣል፣ ሰው ኪሎውን ሲናገር ሁሌ ትንሽ ይቀንሳል።

ምርጫው ላይ ትንሽ ክርክር ነበረ። ለሁለት ሰው የሚሆነውን ጠንካራ ሞላ ብንወስድ ብቻውን ሲነዳ እንደ ቀዩ ሾክ ሊሆንበት ነው፣ ለአንድ ሰው ያለውን ብንወስድ ወደ ድሮው ችግር። በመጨረሻ በመሃል ያለውን፣ ማለትም የሱን ሙሉ ክብደትና የሷን ግማሽ ታሳቢ ያደረገ፣ ጠመዝማዛው ከአንድ ጫፍ ጠበቅ ብሎ የሚጀምርና ሲጫን እየጠነከረ የሚሄድ ሞላ ወሰድን። ርዝመቱ የፋብሪካው ርዝመት፣ አንድ ሚሊ አልጨመርንም አልቀነስንም። ዋጋው የቀዩን አራት እጥፍ ያህል ነው፣ ግን ለቀዩ የወጣው የቶርኖና የሻንጣ ብረት ሲደመር ልዩነቱ ይጠባል።

አገጣጠሙ

አንዱን ጎን ፈትቶ አዲሱን አስገብቶ ከዛ ሌላኛውን፣ ሁለቱን አንድ ላይ ከፈታህ ጎማው ይወርድና መልሶ ቀዳዳውን ማገናኘት ትግል ነው። ሮንዴላዎቹ የወጡበትን ቅደም ተከተል በስልክ ፎቶ አነሳን፣ ውስጥና ውጭ ያሉት መጠናቸው አንድ አደለም። ዳዶዎቹን መጨረሻ ያጠበቅነው ሞተሩ መሬት ላይ ሆኖ ክብደቱን ሾኩ ላይ ካሳረፈ በኋላ ነው፣ ተንጠልጥሎ ከተጠበቀ ጎሚኒው (ዓይኑ ውስጥ ያለው ጎማ) ተጠምዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። የተፋቀውን ሽቦ አልብሰን ከጎማው መንገድ አራቅነው። አንድ የላይኛው ዳዶ ከመጀመሪያው የዘጌ ጉዞ በኋላ ላልቶ ተገኝቷል፣ እንደገና ጠበቀ፣ ከዛ በኋላ አልተንቀሳቀሰም።

ምን ሰራ፣ ምን አልሰራም

አዲሱ ሳግ ብቻውን 29 ሚሊ። ሁለቱም ሲቀመጡ ቀለበቱ ሳይነካ 45፣ ቀለበቱ ከፍ ሲል 38። ስለዚህ በፊት 24 ሚሊ ብቻ ይቀርላቸው የነበሩት ሰዎች አሁን 51 ሚሊ አላቸው፣ ከእጥፍ በላይ። ሞላው ከድሮው የጠነከረ ነው፣ ጀርባ ላይ የሚሰማው ግን የለሰለሰ ነው፣ ይሄን ለሰው በቃል ሳስረዳ አያምነኝም፣ ቁጥሩን ሲያይ ነው የሚገባው። ጎማው ፓራፋንጎ መንካት አቆመ፣ የሐሙሲት መንገድ ላይ አንዴ ወርዶ አንዴ ወጥቶ ይረጋል። ሚስትየው ያለችው "አሁን ወሬም ማውራት ይቻላል" ብቻ ነው፣ ከሷ ይሄ ትልቅ ምስጋና ነው።

ያልተፈታውም አለ። ኮብልስቶን አሁንም ኮብልስቶን ነው፣ 89 ሚሊ ያለው ሞተር የገጠር ሞተር አይሆንም፣ የዘጌ ኮረኮንች ላይ ፍጥነት መቀነስ ግዴታ ነው። የኋላው ሲስተካከል የፊቱ ድክመት ታየ፣ ፍሬን ሲያዝ ፊቱ ድፍት ይላል፣ የፊት ሾክ ዘይቱን ስናወጣው ጥቁር ውሃ ነው፣ አዲስ ዘይት በልኩ ስንሞላ ግማሹ ተስተካከለ፣ የፊት ሞላዎቹ ግን እስካሁን አልተነኩም። ሌላው ደግሞ ቀለበቱን ለማዞር ሻንጣው መውለቅ አለበት፣ ስለዚህ ባለሞተሩ ብቻውንም ሲሆን የሁለት ሰው ደረጃ ላይ ትቶት ይሄዳል። ትንሽ ይደርቅበታል፣ ግን ማን በየቅዳሜው ሻንጣ ይፈታል። ሲታዘዝ ከውጭ በእጅ የሚዞር ማስተካከያ ያለውን መምረጥ ይቻል ነበር።

ለሌላ ሰው የሚሆነው

ቅደም ተከተሉ ላይ ነው ትልቁ ትርፍ ያለው፣ በነፃ ከሚሆነው መጀመር። ጌጅ የአንድ ደቂቃ ስራ ነው፣ ሳግ የግማሽ ሰዓት፣ ሁለቱም ሳይደረጉ የተገዛ ሾክ ሎተሪ ነው። ሳጉ ልክ ሆኖ ግን ሞተሩ የሚወዛወዝ ከሆነ የሞተው ዘይቱ ነው፣ ሳጉ ከልክ በላይ ሆኖ ግን አንዴ ወጥቶ የሚረጋ ከሆነ ሞላ ብቻ መቀየር ሊበቃ ይችላል። እኛ ጋር ሁለቱም ስለነበሩ ሙሉ ጥንድ አስፈለገ። ሁሌም ጥንድ፣ አንዱን አዲስ አንዱን አሮጌ አድርጎ መግጠም መታጠፊያ ላይ ሞተሩን ያጣምመዋል።

ሻጭ "ለስላሳ ነው ወይስ ጠንካራ" ብሎ ከጠየቀህ መልሱ ኪሎህ ነው። ኪሎ የማይጠይቅ ሻጭ ጋር ቢያንስ የሞላውን ጥንካሬ በኒውተን በሚሊ (አንድ ሚሊ ለመጫን የሚፈልገው ኃይል) ጠይቅና ካሁኑ ጋር አወዳድር፣ ቁጥሩን ካላወቀው ዕቃውን አያውቀውም። ርዝመት ላይ የፋብሪካውን መጠበቅ ነው፣ ለማሳጠርም ለማስረዘምም በቂ ምክንያት ከሌለ።

ይሄን ያወራሁለት አንድ ልጅ አቬንጀር 220 ነው ያለው፣ እሱም ክሩዘር ነው ባለ ሁለት ሾክ፣ "ለኔም ይሰራል ወይ" አለኝ። አለካኩ ያው ነው። ልዩነቱ የሱ ሞተር ከሻዶው 100 ኪሎ ገደማ ስለሚቀል ከኋላ ሰው ሲጫን ከጠቅላላው ክብደት ውስጥ የሰዎቹ ድርሻ ከሻዶው ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ብቻውንና ሁለት ሆነው ያለው የሳግ ልዩነት ሊሰፋ ይችላል፣ ቀለበቱን በየጊዜው ለማዞር ካልሰነፈ ጥሩ ነው። ደግሞ የሱ በሰንሰለት ነው የሚሄደው፣ የሾክ ርዝመት ወይ የሳግ ለውጥ ሰንሰለቱን ያጠብቀዋል ወይ ያላላዋል። አዲስ ሾክ ከገባ በኋላ ሞተሩን በካቫሌቶ አቁሞ ማስተካከል አይበቃም፣ ሰው ላዩ ላይ ተቀምጦ የፊት ጥርሱ፣ የኋላው ክንድ መዞሪያና የኋላ አክስሉ አንድ መስመር ላይ ሲመጡ ሰንሰለቱ የሚወጠርበት ነጥብ እሱ ነው፣ እዛ ላይ ትንሽ ላላ ማለቱን በእጅ ነክቶ ማረጋገጥ አለበት።